ቃሬዛው ከጭቃው ሲወጣ፦ የጦር ሐኪሙ የኖኤል ሻቫስ ጉዳይ

በጎጃም ደጋ ሐምሌ ላይ ታማሚ ተሸክሞ የሄደ ሰው ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ይረዳዋል። ዋልካው እግርን እስከ ቅልጥም ይውጣል። ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ባለቤቱ በባዶ እግሩ ይቀጥላል። ሁለት አጣና በገመድ ተጠላልፎ ቡልኮ የተነጠፈበት ቃሬዛ በአራት ትከሻ ላይ እየተወዛወዘ ሲሄድ ምጥ የያዛት ሴት ከላይ ታቃስታለች፤ ከኋላ የሚከተሉት ወንዶች ደግሞ ተራቸው ሲደርስ ትከሻቸውን ያቀብላሉ። መኪና የሚገባበት መንገድ እስኪደረስ ሰዓታት ያልፋሉ። እኔ በዚህ አገር የጤና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ብዙ ቃሬዛ ተቀብያለሁ። ከደረሱት ይልቅ ያልደረሱት ናቸው ከአእምሮዬ የማይጠፉት።

የገጠር በጎ ፈቃደኞችን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳስተምር የአንድ ሰው ጉዳይ አነሣለሁ። ሰውዬው እንግሊዛዊ የጦር ሐኪም ነው፤ ጎጃምን አይቷት አያውቅም። የሞተውም ሐምሌ 28 ቀን 1909 በእኛ አቆጣጠር፣ ቤልጂየም ውስጥ፣ ዝናብና ጭቃ ባለበት ሜዳ ከቆሰለ በኋላ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው የእሱን ጉዳይ ሙሉውን ነው፤ ሠልጣኞቼ ካነሡት ክርክር ጋር።

የጳጳሱ ልጅ

ኖኤል ጎድፍሪ ሻቫስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1884 በኦክስፎርድ ከተማ ተወለደ። መንታ ነበር፤ ክሪስቶፈር የተባለው ወንድሙ በሃያ ደቂቃ ይቀድመዋል፣ መልካቸውም ለማየት አንድ ነበር። አባታቸው ፍራንሲስ ጄምስ ሻቫስ እ.ኤ.አ. በ1900 የሊቨርፑል ሁለተኛ ጳጳስ ሆነው ተሾሙና ቤተሰቡ ወደዚያች የወደብ ከተማ ተዛወረ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ከመነኮሳት መካከል ስለሚሾም፣ «የጳጳስ ልጅ» ስል ሠልጣኞቼ ሁልጊዜ ያቋርጡኛል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት ሚስት እንደሚያገቡ አስረድቼ ነው የምቀጥለው።

መንትዮቹ ሯጮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1908ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ሁለቱም ለብሪታኒያ በ400 ሜትር ተሰልፈዋል፤ ከማጣሪያው ግን አላለፉም። ይህን የማነሣው ለጌጥ አይደለም፤ ኋላ የሚመጣው ነገር ጉልበትና ትንፋሽ የሚጠይቅ ነው። በትምህርቱም ኖኤል ከኦክስፎርድ በ1907 በአንደኛ ደረጃ ማዕረግ ተመርቆ ሕክምናውን በሊቨርፑል ቀጠለ። የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ፈተና መጀመሪያ ላይ ጥሎት በ1910 ደግሞ ተፈትኖ አለፈ፤ በ1912 በሐኪምነት ተመዘገበ።

ከሊቨርፑል አስተማሪዎቹና አለቆቹ አንዱ ስመ ጥሩው የአጥንት ሐኪም ሮበርት ጆንስ ነበር። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ለጎጃም ሰው ከጉዳዩ ሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው ይህ ነው ብዬ አምናለሁና። ሮበርት ጆንስ ሙያውን የተማረው በአጎቱ በሂው ኦወን ቶማስ ቤት ነው። የቶማስ ዘሮች ደግሞ ከዌልስ አንግልሲ ከምትባል ደሴት የመጡ፣ ሙያቸውን ከአባት ወደ ልጅ ያወረሱ ወጌሾች ነበሩ። አባቱ ኢቫን ቶማስ በሊቨርፑል ያለ ሕክምና ፈቃድ አጥንት ይጠግን ነበር። ልጆቹን ግን የሕክምና ትምህርት ቤት አስገባቸው። ሂው ኦወን ቶማስ የወጌሻውን የእጅ ዕውቀትና የሐኪሙን ትምህርት አንድ ላይ ይዞ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የጭን አጥንት መደገፊያ ሠራ። ብሽሽት ላይ የሚያርፍ ቀለበት አለው፤ ከቀለበቱ በእግሩ ግራና ቀኝ የሚወርዱ ሁለት ብረቶች አሉት፤ እግሩ ተስቦ ከታች ይታሰራል። የተሰበረው አጥንት ጫፍ ሥጋውን እየወጋ ደም እንዳያፈስስ የሚያደርገው ይህ መሳብ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ ጭናቸውን በጥይት ከተሰበሩት ወታደሮች ከአምስቱ አራቱ ያህል ይሞቱ እንደነበር፣ መደገፊያው በምሽግ አጠገብ በስፋት ከተሠራበት ከ1917 ወዲህ ግን የሟቾቹ ቁጥር ከአምስቱ ወደ አንዱ ገደማ እንደ ወረደ በሕክምና ታሪክ በሰፊው ይጠቀሳል። መደገፊያው በጦሩ ዘንድ እንዲገባ የታገለው ሮበርት ጆንስ ነው።

በእኛ አካባቢ ወጌሻ በሽመል ወይም በቀርቀሃ ስንጥር አጥብቆ ያሰረው እግር ደም ተቋርጦበት ጠቁሮ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ያ እግር ይቆረጣል። በሌላ ቀን ደግሞ የዚያው ሙያ ባለቤት የወለቀ ትከሻ በአንድ እጅ እንቅስቃሴ ሲመልስ አይቼ ተደንቄያለሁ። ወጌሻን ማሳደድ አይገባም፤ ልጁን ማስተማር ይገባል። የቶማስ ቤት ያደረገው ይህንን ነው።

እግርና አፈር

ሻቫስ በጁን 1913 በንጉሣዊው የጦር ሕክምና ክፍል መኮንን ሆኖ ሊቨርፑል ስኮቲሽ ከተባለው ሻለቃ ጋር ተመደበ፤ በኖቬምበር 1914 ከሻለቃው ጋር ፈረንሳይ ገባ። የሻለቃ ሐኪም ሥራ ሰዎች እንደሚያስቡት አይደለም። አብዛኛው ቀን የሚያልፈው በመጸዳጃ ጉድጓድ፣ በመጠጥ ውሃና በእግር ነው። ውሃ በሞላበት ምሽግ ውስጥ ቀንና ሌሊት የቆመ ወታደር እግሩ ያብጣል፣ ይደነዝዛል፣ ከባሰም ይበሰብሳል። ሻቫስ የወታደሮቹን እግር በዓይኑ ይመረምር ነበር፤ ለቤተሰቡ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎችም ካልሲ ላኩልኝ ይል ነበር። የጳጳስ ልጅ፣ የኦሊምፒክ ሯጭ፣ ካልሲ ለማኝ! እኔ ይህን ሰው የወደድኩት እዚህ ጋ ነው። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ ኖሮ በዝሆኔ እግሩ ያበጠ ገበሬ በየሳምንቱ ለሚያይ የጎጃም የጤና ሠራተኛ፣ እግርን አጥቦ ማድረቅና ጫማ ማድረግ ትልቅ ሕክምና መሆኑን ማስረዳት አያስፈልገውም።

አፈሩም ራሱ ጠላት ነበር። የፍላንደርስ እርሻ ለዘመናት በከብትና በፈረስ ፍግ የደለበ ስለሆነ ቁስል የነካው ሁሉ ለመንጋጋ ቆልፍ ይጋለጥ ነበር። በ1914 መጨረሻ ለእያንዳንዱ ቁስለኛ የመከላከያ ሴረም መወጋት ሲለመድ በሽታው በፍጥነት ቀነሰ። ሴረሙ ግን የሚሠራው ቁስለኛው በጊዜ ሲገኝ ነው። በሁለቱ ምሽጎች መካከል ወድቆ የቀረ ሰው ጋ መርፌው አይደርስም።

ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት

በጁን 1915 ሆጅ በተባለች የቤልጂየም ስፍራ ሻለቃው ከፍተኛ ጉዳት ደረሰበት። ወደ ማጥቃት ከገቡት ከአምስት መቶ ከሚበልጡ ሰዎች ሳይጎዱ የወጡት ከመቶ ሃምሳ አይበልጡም። ሻቫስ በዚያ ለሠራው ሚሊተሪ ክሮስ የተባለውን ሜዳይ ተሸለመ፤ በዚያው ዓመት ሻምበል ሆነ።

ዋናው ጉዳይ ግን ጊዩሞ ከተባለው የፈረንሳይ መንደር አጠገብ የሆነው ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 3 ቀን 1908፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1916። ለዚህ የተሸለመው ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለው የብሪታኒያ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳይ ነው። የሽልማቱ መግለጫ እንደሚለው፣ ጥቃቱ በተካሄደበት ቀን ሻቫስ ቀኑን ሙሉ በገላጣ ሜዳ፣ ብዙ ጊዜም ጠላት እያየው፣ በከባድ ተኩስ ሥር ቁስለኞችን ሲያክም ዋለ። ሌሊቱን ደግሞ ከጠላት ምሽግ ፊት ለፊት ባለው መሬት ላይ አራት ሰዓት ሙሉ ቁስለኛ ፈለገ። በማግስቱ አንድ ቃሬዛ ተሸካሚ ብቻ አስከትሎ ወደ ፊተኛው ምሽግ ሄደና በመድፍ ድብደባ ውስጥ አንድ በሞት አፋፍ ያለ ሰው 450 ሜትር ያህል ተሸክሞ አወጣ፤ መንገድ ላይ የመድፍ ፍንጣሪ ጎኑን መታው። በለንደን ከሮጠው ርቀት ጥቂት ይበልጣል። በዚያው ምሽት ቆስሎ ሳለ ሃያ ፈቃደኞች ይዞ እንደገና ወጣ። ከጠላት ምሽግ 23 ሜትር ያህል ብቻ ከሚርቅ የመድፍ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ቁስለኞች አወጡ፤ የሁለት መኮንኖችን አስከሬን ቀበሩ፤ የሟቾችን የመታወቂያ ሰሌዳ ሰበሰቡ። ይህ ሁሉ የሆነው የእጅ ቦምብና መትረየስ እየተተኮሰባቸው ነው። በዚያ ግዳጅ ብቻ ክፉኛ የቆሰሉ ሃያ ያህል ሰዎችን ሕይወት አዳነ።

የመታወቂያ ሰሌዳ መሰብሰቡን ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ለሞተው ምንም አያደርግለትም። ሊቨርፑል ውስጥ «ጠፍቷል» የሚል ወረቀት ይዛ ለምትጠብቅ እናት ግን፣ ቁርጡን አውቃ ለቅሶዋን እንድትቀመጥ ያደርጋታል። በእኛ አገር እርም ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ሐኪሙ ለዚህች ትንሽ ሰሌዳ ብሎ ነፍሱን ለምን እንዳስያዘ ይገባዋል።

የቪክቶሪያ ክሮስ ሽልማቱ በለንደን ይፋ የሆነው ኦክቶበር 26 ቀን 1916 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 16 ቀን 1909። በማግስቱ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ የወሎው ንጉሥ ሚካኤልና የሸዋ ሠራዊት ተዋጉ። እኛ ያኔ የተደራጀ የጦር ሕክምና ክፍል አልነበረንም፤ የወደቀውን የሚያነሣው ወንድሙ፣ አሽከሩ ወይም ጓደኛው ነበር። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ሆዴ ይባባል።

ሐምሌ 24

በ1917 ክረምት በሻቫስ ቤተሰብ ላይ ሐዘን ደርሶ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ኤይደን በጁላይ መጀመሪያ በጦር ሜዳ ጠፍቶ አስከሬኑም አልተገኘም። ሻቫስ ራሱ ግላዲስ ለተባለች የአጎቱ ልጅ ቃል ገብቶ ነበር፤ ጋብቻውን ጦርነቱ አዘገየው።

በጁላይ 31፣ በእኛ ሐምሌ 24 ቀን 1909፣ በኋላ ፓሸንዴል ተብሎ የታወቀው ታላቅ ጦርነት ኢፕር ከተማ አጠገብ ተጀመረ። ዝናቡም በዚያው ዕለት ጀመረ። የመድፍ ድብደባው የእርሻውን የውሃ መውረጃ ሁሉ አፍርሶት ስለነበር ሜዳው አረንቋ ሆነ። በደረቅ መሬት አራት ሰው የሚሸከመው ቃሬዛ በዚያ ጭቃ ስምንትና ከዚያ በላይ ሰው ይፈልግ ነበር።

ሻቫስ ከጀርመኖች በተያዘ ጠባብ የመሬት ውስጥ ምሽግ የዕርዳታ ጣቢያውን ተከለ። ውጊያው በጀመረበት ዕለት ቁስለኛ ተሸክሞ ወደ ጣቢያው ሲሄድ ራሱን በፍንጣሪ ተመታ። ቁስሉን አሳስሮ፣ ወደ ኋላ ሂድ ሲባል እምቢ ብሎ ተመለሰ። ሁለት ቀን ከሞላ ጎደል ያለ ምግብ፣ በድካምና በቁስሉ ምክንያት እየዞረበት፣ ሥራውን ቀጠለ። ይህም ብቻ አይደለም፤ እየወጣ በሜዳው የቀሩትን እየፈለገ ቃሬዛ መሸከሙን አላቆመም። ካልተነሡ በዚያ ዝናብ መሞታቸው የማይቀር ብዙ ሰዎች በእሱ ምክንያት ተረፉ።

ኦገስት 2 ሊነጋ ሲል የመድፍ ጥይት ጣቢያው ውስጥ ገባ። እዚያ የነበሩት ሞቱ ወይም ቆሰሉ፤ ሻቫስም ሆዱን ክፉኛ ተመታ። እየዳኸ ከጉድጓዱ ወጥቶ ዕርዳታ ፍለጋ ሄደ። ብራንድሁክ ወደሚገኘው የቁስለኞች ማቆያ ሆስፒታል ያደረሰው አምቡላንስ አርተር ማርቲን ሊክ የሚያዝዘው ክፍል ነበር። ማርቲን ሊክም ሐኪም ነው፤ ቪክቶሪያ ክሮስን ሁለት ጊዜ በመሸለም በታሪክ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ሁለተኛው በቃሬዛ ተኝቶ የመጣው ቁስለኛ ሆነ። ይህ ሜዳይ በ1856 ከተመሠረተ ጀምሮ ሁለት ጊዜ የተሸለሙት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛው የኒውዚላንዱ ቻርልስ አፐም ነው። ከሦስቱ ሁለቱ መሣሪያ ሊያነሡ ሳይሆን ሰው ሊያነሡ የወጡ ናቸው።

ሻቫስ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ኦገስት 4 ቀን 1917 ከቀትር በኋላ ዐረፈ፤ ሠላሳ ሦስተኛ ዓመቱን ሊደፍን ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። ከመሞቱ በፊት ለግላዲስ ደብዳቤ አጽፏል፤ ቆስሎ ሳለ ለምን እንዳልወጣ ሲያስረዳት ግዴታው እንደጠራውና መታዘዝ እንደነበረበት ነገራት። ሁለተኛው ሽልማት ከሞተ በኋላ ታወጀ።

ክርክሩ

ይህን ታሪክ በአንድ የጎጃም ቀበሌ ስተርክ ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ ብዙ ታማሚ በትከሻቸው ያደረሱ አንድ አባት እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ አንተ ጠዋት ያስተማርከን ምን ነበር? ‹መጀመሪያ ራሳችሁን ጠብቁ፤ አዳኙ ከወደቀ የሚነሡት ሁለት ይሆናሉ› አላልክም? ይኼ ሐኪም ራሱ ተመትቶ ለምን አልወጣም?»

«አንቱስ ቢሆኑ ይወጡ ነበር፣ አያ?» አልኳቸው።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም። እኔ ብወድቅ የሚተካኝ ሞልቷል። እሱን ማን ይተካዋል?»

ጥያቄው ትክክል ነው፤ በጊዜው የነበሩ የጦር አዛዦችም የሚያነሡት ነበር። የሻለቃ ሐኪም አንድ ነው። እሱ ሲወድቅ ሌላ እስኪመጣ ድረስ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ ሐኪም ይቀራሉ። ለዚህ ነው ብዙ የጦር ሐኪሞች ከዕርዳታ ጣቢያቸው ሳይወጡ ቁስለኛ ተሸክመው እንዲያመጡላቸው የሚጠብቁት፤ ይህም ፍርሃት አይባልም።

እኔ የደረስኩበትን በግልጽ ልናገር። ስለ ጊዩሞ ከሻቫስ ጋር ነኝ። በዚያ የወጣው በስሜት ተነሣሥቶ አልነበረም፤ ቀን ከማከም ሌሊት ከመፈለግ በቀር ሌላ መንገድ ስላልነበረ፣ የት እንደወደቁ ስለሚያውቅ፣ ሃያ ሰው የሚከተለው መሪ ስለነበረ ነው። ያ ተከታይነት ደግሞ በአንድ ሌሊት አልተገኘም። ሃያዎቹ የተከተሉት እግራቸውን ሲያይላቸው፣ ካልሲ ሲለምንላቸው የኖረውን ሰው ነው።

ስለ ሐምሌ 24 ግን ለብዙ ዓመታት አመነታሁ፤ አሁንም አልጨረስኩም። ራሱን የተመታ ሰው በራሱ ላይ ዳኛ ሊሆን አይችልም፤ የአእምሮ ጉዳት መጀመሪያ የሚያዛባው ፍርድን ነው። እኔ ያኔ የበላዩ ብሆን ኖሮ በግድ አወጣው ነበር። እንዲህ ስል ደግሞ ከዚያ በኋላ በሁለቱ ቀናት ከጭቃ ያወጣቸው ሰዎች ፊቴ ይቆማሉ፤ እነርሱ ይውጣ ይሉ ነበር ወይ? ለአባ መልስ ስሰጥ ይህንኑ ነገርኳቸው፤ ትክክለኛው መልስ ሁለት እንደሆነና ሁለቱም እንደሚያሙኝ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና «እንግዲያው ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ተተኪ ያላዘጋጀለት ነው» አሉ።

ይህን በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩትም። ጉዳዩን ለዓመታት ያነሣሁት «ይውጣ ወይስ ይቆይ» ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን ጥያቄውን ከጀግናው ትከሻ አንሥተው በሥርዓቱ ላይ አኖሩት። አርባ ዓመት ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ያውቃል፤ ትከሻ የሚተርፈው ከጎን ሌላ ትከሻ ሲኖር ነው።

የሻቫስ መቃብር ብራንድሁክ በሚገኘው የጦር መካነ መቃብር ነው፤ በድንጋዩ ላይ ሁለት ቪክቶሪያ ክሮስ የተቀረጸበት ብቸኛው መቃብር ነው ይባላል። ከሥሩ የዮሐንስ ወንጌል ቃል ተጽፏል፤ «ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ከመስጠት ይልቅ ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር ለማንም የለውም»። ሜዳዮቹ እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ ለንደን በኢምፔሪያል ጦር ሙዚየም ይታዩ ነበር።

ከዚያ ሥልጠና ወዲህ አንድ ነገር ለውጫለሁ። ቡድኖቹ ቃሬዛ ከማንሣታቸው በፊት ማን ፊት እንደሚይዝ፣ ማን ከኋላ እንደሚሆን ብቻ አልጠይቅም። መሪው ቢወድቅ ማን እንደሚቀጥል፣ ደም የማቆሚያ ጨርቁ በማን እጅ እንዳለ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ማን ደውሎ እንደሚናገር አስቀድመው በስም ይናገራሉ። በዚያ ቀበሌ አባ የመረጡት ተተኪ የጎረቤታቸው ልጅ ነበረች፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ ቀጠን ያለች ልጅ። ወንዶቹ ቃሬዛው ይከብዳታል ብለው አጉረመረሙ። አባ ግን «የምትሸከመው ቃሬዛ አይደለም» ብለው የጨርቁን ከረጢት አንገቷ ላይ አጠለቁላት።